የአባባ ዱባለ ፊት፣ ከቅርብ

ውዳሴ ሙሽራ የማትፈራ ፎቶ አንሺ ናት። ሙሽራ ብቻ አይደለም፣ ሚዜም አትፈራም፣ የሚዜ እናትም አትፈራም። ኮልፌ ውስጥ ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ «ቀና በል! አገጭህን አውርድ! አትተንፍስ አልኩህ እኮ!» የሚለውን ድምፅዋን ሳይሰማ አልቀረም። ስቱዲዮዋ ከፌርማታው ፊት ለፊት፣ የብረት በር ከሚበይዱት ልጆች አጠገብ ናት። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የገባ ጎረምሳ ሁሉ ደረቱን ነፍቶና ትከሻውን አስተካክሎ፣ ይህችን ሴት ምን አስቆጣት እያለ ነው የሚወጣው።

ይህ ሁሉ ጀግንነት ታዲያ ፀጉሩ ላልሸበተ ሰው ነው። ሽበት ያየች እንደሆነ ውዳሴ ሌላ ሰው ትሆናለች። እናቷ ወይዘሮ አበበች አጥብቀው ያስተማሯት ነገር ነበር፦ በትልቅ ሰው ላይ ዓይን አይፈጠጥም፤ ሰላም ሲባል ጎንበስ ነው፤ በፊታቸው ሲታለፍም ዝቅ ብሎ ነው። ወይዘሮ አበበች ካረፉ ቆይተዋል፤ ትምህርታቸው ግን የልጃቸው ወገብ ውስጥ ቀርቷል። ውዳሴ ሽማግሌ ፊት ስትቆም ወገቧ እሷን ሳይጠይቅ ይታጠፋል።

ሥራውን የለመደችው በቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅ ሆና መዘምራን ውስጥ ልትገባ ብትሞክር፣ ጌታ ሁሉን ሰው ለዝማሬ እንዳልጠራ በፍቅር ተነገራትና «እስኪ አንቺ ካሜራ ያዢ» ተባለች። በዚያው ቀረች። ከአምልኮው ወደ ሠርግ፣ ከሠርጉ ወደ ምርቃት፣ በኋላም ያገለገለ ካሜራና አንድ ጥሩ ሌንስ ገዝታ የራሷን በር ከፈተች። ሠርጉና ጉርዱ ቤቱን ያቆማሉ፤ እሷ የምትወደው ግን ፊት ነው። ከቅርብ የተነሳ፣ ጀርባው ሁሉ ሟሙቶ ዓይኑ ብቻ ጥርት ብሎ የሚታይ የሰው ፊት። ስቱዲዮዋ ግድግዳ ላይ ሙሽራ የለም፤ የዘበኛ፣ የጉልት ቸርቻሪ፣ የታክሲ ረዳት ፊት ነው ያለው። ደንበኛ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ምን አገባህ፣ ቅንድቡን እያየሁበት ነው» ትላለች።

እማማ የኔነሽ የመጡት ክረምቱ እንደወጣ ነበር። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ በእግራቸው ደረጃውን እየፈለጉ ገቡ። ውዳሴ ታውቃቸዋለች፤ በሠፈሩ የማያውቃቸው የለም። ባላቸው አባባ ዱባለ ከመንገዱ ዳር ሳፋ፣ ጆግና ማንቆርቆሪያ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቁን አሁን ልጃቸው መዝገቡ ይዞታል፤ እሳቸው በራፉ ላይ ወንበር አውጥተው ሰላምታ ይቀበላሉ።

«ውዳሴ ነሽ?» አሉ እማማ የኔነሽ።

«ነኝ እማማ፣ ኖር! ይግቡ፣ ቀስ ይበሉ፣ ደረጃ አለች።» ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ነገሩን ቁጭ አደረጉት። ቤቴል ያለ የዓይን ሐኪም አይቷቸዋል። የዓይን ግፊት ነው። ጠብታ ሰጥቷቸዋል፤ የሄደው ግን አይመለስም። «ዙሪያው ጨልሟል፣ መሃሉ ቀርቶልኛል» አሉ። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት በይው። ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ነው የማየው። መሃሉም ሊሄድ ይችላል ብሎኛል። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልዋሸኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት እማማ?»

«የመዝገቡን አባት አንሺልኝ። ፊቱን ብቻ። ቁመናውን አልፈልግም፣ ሱፉንም አልፈልግም። ፊቱን ትልቅ አድርገሽ፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ።»

ውዳሴ አፏ አያርፍም። «አብረው አይደል እንዴ የሚኖሩት? ቁጭ አድርገው ቢያዩዋቸውስ?»

እማማ የኔነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ሞክሬያለሁ ልጄ። ትኩር ብዬ ሳየው 'ምን ሆንሽ? ምን አየሽብኝ?' ብሎ ተነስቶ ይወጣል። ስንጋባ አፍሬ አላየሁትም። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሱቁ መጣ፣ ማን ማንን ያያል? ስንት ዘመን ሙሉ ስበላ አብሬው፣ ስተኛ አብሬው፣ ዓይኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ባሌ ላይ ላፍጥ? ሰውስ ቢሰማ ምን ይለኛል? ፎቶ ግን አይሸሸኝም። መስኮት ሥር ይዤው እቀመጥና ቀስ እያልኩ አየዋለሁ።» ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና «ሳይመሽብኝ» አሉ።

ውዳሴ እንባዋ ቅርብ ነው፤ ለዚህ ነው ጩኸት የምታበዛው። «በዚህ ሳምንት ይዘዋቸው ይምጡ» ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

አባባ ዱባለ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ፎቶው ለምን እንደተፈለገ የነገራቸው የለም፤ እሳቸው ግን በገዛ ራሳቸው ደርሰውበታል። «ለድንኳኑ ነው አይደል?» አሉ፣ ወንበሯ ላይ እየተቀመጡ። «ገብቶኛል። የአቶ ደግፌ ለቅሶ ላይ የተሰቀለው ፎቶ መታወቂያ ላይ ያለውን አሳድገውት ሌባ አስመስሏቸው ነበር። ቀድሞ መዘጋጀት ጥሩ ነው። ፈገግ ግን አልልም፣ ለቀስተኛ ይታዘባል።»

«ኧረ አባባ፣ ለለቅሶ አይደለም!»

«ግዴለም ልጄ፣ አልፈራም።»

በሩ በኩል የሚገባው ብርሃን ጥሩ ነበር። ውዳሴ ካሜራዋን አንስታ፣ ሽማግሌ ፊት እንዲህ መጠጋቷ ከብዷት፣ ጎንበስ ብላ «ይቅርታ አባባ፣ ትንሽ ልጠጋዎት» አለች። «ኧረ ችግር የለም» አሉ። ዓይናቸው ላይ አነጣጥራ ቀጭ። እንደገና ጎንበስ፣ እንደገና ቀጭ። ካሜራዋ ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ስታየው ሁሉም ያምራል። በዚያች መስኮት የማያምር ነገር የለም፤ አውራ ጣት በምታህል ነገር ላይ ደብዛዛውም ጥርት ብሎ ይታያል። ይህንን ውዳሴ በደንብ ታውቃለች፤ ለሌላ ጊዜ ቢሆን ኮምፒውተር ላይ ከፍታ፣ አሳድጋ፣ ሽፋሽፍት ቆጥራ ነው የምታትመው። በዚያ ቀን ግን መብራት የለም፣ በማግስቱ ዓለም ባንክ ሠፈር ሠርግ አለባት፣ እማማ የኔነሽ ደግሞ ይጠብቃሉ። አንዱን መርጣ በስልኳ ወደ ማተሚያ ቤት ላከችው። ታትሞ ሲመጣም ከፖስታው ሳታወጣ ይዛ ወደ ቤታቸው ሮጠች።

እማማ የኔነሽ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፎቶውን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ አዘዋወሩት። «ጆሮው ደስ ይላል» አሉ። «የጆሮው ፀጉር እንኳ ይታየኛል።» ቀጠሉ። ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ጉም ከእኔ ነው ወይስ ከፎቶው?»

ውዳሴ በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ አየች። ጆሮው እንደ መስታወት ጠርቷል። ዓይኑ ጭጋግ ነው።

«ከፎቶው ነው እማማ። እኔ ነኝ የሳትኩት።»

«ተመስገን!» አሉና ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እኔ እኮ በቃ አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

ያንን «ተመስገን» ውዳሴ መንገዱን ሙሉ ተሸክማው ሄደች። ሥራዋን ስትወቀስ ብዙ ሰምታለች፤ ይህኛው ግን ወቀሳ አልነበረም፣ እሱ ነው የከፋው። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ደብዛዛ ፎቶ ሲያይ ፎቶ አንሺውን ይረግማል፤ እማማ የኔነሽ ግን የሚጠረጥሩት ራሳቸውን ነው። በቀረቻቸው ጥቂት ብርሃን ላይ እሷ ጭጋግ ጨምራ ሰጠቻቸው። ከራሷ ጋር ተጣላች።

ሁለተኛውን ቀጠሮ ተዘጋጅታ ጠበቀች። የሌንሱን ቀዳዳ አጠበበችው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ከፊት እስከ ኋላ የሚጠራው ቦታ ሰፋ ይላል። ግን ብርሃኑም ያንሳል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው፤ ሰው በመሃል ትንሽ ከተነቃነቀ ይበላሻል። አባባ ዱባለ ያለ ቅንድብና ያለ አፍንጫ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ሥዕል መስለው ወጡ። ፍላሽ አመጣች፤ ፍላሹ በበራ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንዳይነቃነቁ አባባ» አለች ጎንበስ ብላ። «እሺ ልጄ» አሉ። ለፎቶ የመጡ ልጆች በሩን ገፍተው ሲገቡ ደግሞ አባባ ዱባለ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ውዳሴ ሁሉንም አባረረቻቸው።

ጥፋቱን ሌንሱ ላይ ጣለችው። ካሜራ ለሚጠግነው ለሀያቱ ወሰደችለት። ሀያቱ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከቅርብ ደጋግሞ አነሳበትና ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። እያንዳንዷ ፊደል ቁልጭ ብላለች።

«ሌንስሽ ካንቺ ይሻላል» አላት።

«ቀልድህን ተወኝና አስተካክልልኝ።»

«ምኑን ላስተካክል? ጋዜጣው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውዬሽ ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ምን ያደርጋሉ? ይቀመጣሉ!» ብላው ወጣች። እውነቱ ግን አጠገቧ ነበር፣ ንዴቷ ጋረደባት።

በዚያው ሰሞን እማማ የኔነሽን መንገድ ላይ አየቻቸው። ከሱቁ በራፍ ላይ ናቸው፤ እጃቸው የበሩን እጀታ ይፈልጋል፣ እጀታው እዚያው ነው፣ እጃቸው አያገኘውም። አባባ ዱባለ ከወንበራቸው ተነስተው የሚስታቸውን እጅ ወስደው እጀታው ላይ አደረጉላቸው። ውዳሴ ሰላም ብላ ልታልፍ ስትል እማማ የኔነሽ በድምፅዋ ለይተው «ደረሰ እንዴ?» አሉ። «ትንሽ ቀርቶታል እማማ» አለች። ምን እንደቀረው ግን አታውቅም ነበር።

ስቱዲዮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና የአባባ ዱባለን ፎቶዎች ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ደረደረች። በአንዱ ጆሮው ጠርቷል። በአንዱ የኮቱ አንገትጌ። በአንዱ ደግሞ ጀርባ ያለው መጋረጃ። አንዱ ላይ እንኳ ዓይኑ የለም። በብስጭት ቁልፏን ተጭና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አከታትላ አሳለፈቻቸው፤ ያኔ አየችው። ፎቶዎቹ እንደ ፊልም ሲንቀሳቀሱ አባባ ዱባለ በዝግታ፣ በክብር፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሳሉ። አሁንም ይነሳሉ። ደጋግመው ይነሳሉ።

ለማን? ለእሷ ነዋ። እሷ ጎንበስ ስትል እሳቸውም ጎንበስ። ጎንበስ ላለልህ ጎንበስ ማለት የጨዋ ሰው ደንብ ነው፤ ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆመው ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያደርጉት የኖሩትን ሰው፣ የአንዲት ፎቶ አንሺ «አይነቃነቁ» አይመልሳቸውም። ማድረጋቸውንም አያውቁትም። እሷ ዓይናቸው ላይ አነጣጥራ ጣቷ እስኪወርድ ድረስ ፊታቸው አራት ጣት ያህል ወደፊት መጥቷል። ያን ያህል ከቅርብ ሲነሳ ደግሞ የሚጠራው ቦታ ከባቄላ ፍሬ አይሰፋም። ዓይናቸው በነበረበት ጆሯቸው ይደርሳል።

ውዳሴ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ቀጥሎ አፈረች። ሌንሱን ከሰሰች፣ መብራት ኃይልን ከሰሰች፣ ሽማግሌውን በሆዷ ከሰሰች፤ የጀመረችው ግን እሷ ናት። ብታስበው ግን ላለማጎንበስ አቅም የላትም። ወገቧን ታውቀዋለች።

ስለዚህ ቀድማ ወረደች። በሦስተኛው ቀጠሮ የስቱዲዮውን በር ከውስጥ ቆለፈች፣ ለብርሃን መስኮቱን ከፈተች፣ ካሜራውን በስታንድ ላይ በአባባ ዱባለ ፊት ልክ አቆመች፣ አጭር በርጩማ ላይ ከኋላው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የምታጎነብስበት ቦታ የለም። አባባ ዱባለ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፤ ከረባታቸውን ዛሬም አስረዋል። እጅ አልነሱም። ግን ካሜራውን ሲያዩ ሰው ፈለጉ፤ ሰው የለም፤ ዓይናቸው እዚህም እዚያም ተንከራተተና ፖሊስ ጣቢያ የቀረበ ሰው ዓይን ሆነ።

«ማንን ልይ?» አሉ።

ውዳሴ አካባቢዋን አየች። ከባላቸው ጋር የመጡት እማማ የኔነሽ ጥግ ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ተነስታ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸውና ከሌንሱ ጎን፣ ከአባባ ዱባለ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካኩ።

«እሳቸውን ይዩ» አለች።

«እሷን?» አባባ ዱባለን ሳቅ አመለጣቸው። «ምን ብዬ ልያት?»

«ዝም ብለው ይዩአቸው። እንዳይነቃነቁ ብቻ።»

ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ብድግ የሚሉት ሰውዬ ለሚስታቸው ብድግ አላሉም። ለሚስቱ ብድግ የሚል ባል ኮልፌ ውስጥ ገና አልተወለደም፤ ለዚህች ቀን ይህም በጀ። ውዳሴ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ አየችና ሌንሱን በእጇ እያዞረች ምስሉን ማጥራት ጀመረች።

እማማ የኔነሽ መጀመሪያ አቀረቀሩ። ልማድ ነው። ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ የገባቸው ይመስላል፤ ሰውዬው እንዳይነቃነቅ ታዟል፤ ያዘዙት እሳቸው አይደሉም። ቀና አሉ። ጭንቅላታቸውን በጣም በዝግታ ማዞር ጀመሩ፤ በቀረቻቸው ቀዳዳ ውስጥ ግንባሩን አገኙ፣ ሽብሽቡን ተከትለው ወደ ቅንድቡ ወረዱ።

«ምን ታያለሽ?» አሉ አባባ ዱባለ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«ዝም በል። አትነቃነቅ ተብለሃል።»

ከውጭ የታክሲ ረዳቱ «አየር ጤና፣ አየር ጤና» ይላል። እማማ የኔነሽ ጉንጩ ላይ ካለችው የቆየች ጠባሳ ላይ ቆዩ። «ይህቺ ከየት መጣች?»

«የሱቁ መዝጊያ ነው። መዝገቡ ሳይወለድ። አንቺ ነሽ ያጠብሽልኝ።»

«ጠባሳ እንደሆነች አላየሁም ነበር።»

አባባ ዱባለ አሁን ሚስታቸውን በደንብ አዩ። ጭንቅላታቸው እንዴት ቀስ እያለ እንደሚዞር፣ ዓይናቸው የባላቸው ፊት ላይ እንዴት እንደሚፈልግ አዩ። የበሩ እጀታ፣ ጠብታው፣ ይህ ሁሉ ፎቶ። የገባቸው ያኔ ነው። «የኔነሽ፣» አሉ፣ «ይሄ ለድንኳኑ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም። ለእኔ ነው።»

አልተነሱም፣ አልሸሹም፣ ምን አየሽብኝም አላሉም። ዓይናቸው ረጠበ፤ እርጥቡ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ቁጭ አለ። ውዳሴ ትንፋሿን ይዛ ቀጭ አደረገች።

በካሜራዋ መስኮት ከፍታ አሳደገችው። ደግማ አሳደገችው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል። የዓይኑ ቡናማ ወደ ዳሩ ሲደርስ ግራጫ መሆኑ ይታያል። በሥራ ዘመኗ እንዲህ የጠራ ዓይን አንስታ አታውቅም። እንዲህ ሲሆንላት «ጨረስን!» ብላ በጭብጨባ መጮህ ልማዷ ነው፤ በሩንም ሰው እያንኳኳው ነው፤ ጉርድ ፎቶ ለዛሬ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው።

ቀና ስትል እማማ የኔነሽ ገና ግራ ዓይኑ ላይ ናቸው። ወደ ቀኙ አልደረሱም። አፍ አለ፣ አገጭ አለ፣ ያ ሁሉ ሽበት አለ። አባባ ዱባለም እንደተባሉት ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለመታየት ተቀምጠዋል።

«ጨረስን እንዴ ልጄ?» አሉ።

ውዳሴ የካሜራዋን መስኮት በመዳፏ ሸፈነች።

«ገና ነው አባባ» አለች። «አልጠራልኝም። ትንሽ ይታገሱኝ፣ እንዳይነቃነቁ።» ካሜራውን በቀስታ ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረችና፣ እንዲሰሟት ያህል፣ ቀጭ አደረገች።